ሐጂን የሸኘንበት ሊፍት

እሁድ፣ ኖቬምበር 2፣ 2014

ተርፈናል። አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ተርፈናል። እየቸኮልኩ ስለምጽፍ ጽሑፌ አያምርም። ግን ዛሬ ሳልጽፍ ብተኛ ነገ ሕልም ይመስለኛል።

የምናከብራቸው ሽማግሌ ሐጂ ከድር ከሐጅ ከተመለሱ ወዲህ ሰው ሁሉ ሄዶ ዘይሯቸዋል። አማቴ እማ ዘይነባ ብቻ መሄድ አልቻሉም። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለባቸው፣ ሲራመዱም በዎከር፣ በዚያ ባለ አራት እግር ምርኩዝ ነው። ሐጂ ይህን ሰምተው «እኔው እመጣለሁ» አሉና ዛሬ ከነቤተሰባቸው መጡልን። የዘምዘም ውሃ አመጡ፣ ቴምር አመጡ፣ ረጅም ዱዓ አደረጉ። የእማ ፊት ከስንት ጊዜ በኋላ በራ። እኔም ደስ ብሎኝ ሱቄ ውስጥ ያለውን ጥሩ ጥሩ ነገር ሁሉ አቀረብኩ።

ጣጣው የጀመረው ሐጂ ሊሄዱ ሲነሱ ነው። ባለቤቴ ሸምሱ ሊሸኝ ተነሳ። እኔ ተነሳሁ። ሊጠይቃቸው መጥቶ የነበረው፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ጎረቤታችን በቀለ ጭምር ተነሳ። እማ ራሳቸው ዎከራቸውን ሳቡ።

«እማ፣ እርስዎ እዚሁ ይሰናበቱ» አልኳቸው።

«ሐጂ እኔ ድረስ መጥተው እኔ በር ላይ ልሰናበታቸው? ነውር አይደለም እንዴ!»

የምንኖረው አምስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ሲከፈት ሐጂና ቤተሰባቸው ገቡ፣ ከዚያ ሸኚው ሁሉ ተከትሎ ገባ። አሮጌ ሊፍት ስለሆነ ጭነት ሲበዛበት አይጮኽም። ልጄ ሂባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ አነበበችና «ማሚ፣ ቱ ሜኒ ፒፕል!» አለች። ሰው በዛ ማለቷ ነው። ማን ይስማት! «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ይበቃናል» ተባባልን። በሩ የተዘጋው የበቀለን ጃኬት ጫፍ ለጥቂት ስቶ ነው።

መጀመሪያ ደህና ወረደ። ከዚያ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ሐጂ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ሲሉ ሁላችንም ተከተልን። በቀለ ደግሞ ከጥግ «በስመ አብ!» ሲል ሰማሁት። ወዲያው ከሥራችን ጓ! የሚል ድምፅ መጣ፣ እርስ በርስ ተጋጨን፣ ቆምን። መብራቱ እንኳን አልጠፋም።

እማ አልወደቁም። ለመውደቂያ የሚሆን ቦታም አልነበረም።

በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መሃል ተንጠልጥለን ነበር። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው በሩን ከፍተው አንድ በአንድ አወጡን። እማን ከእነሱ ሁለቱ ጎረምሶች እንደ ሙሽራ አንስተው ነው ያወጧቸው። ሰዓቱ ዛሬ ለክረምቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለተቀየረ ደጁ በጊዜ ጨልሟል። ሐጂ እዚያ ብርድ ላይ ቆመው «ዘምዘሙን ፎቅ ላይ መተዌ በጀ» አሉ። ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ።

ሰኞ

ዛሬ ስልኬ አላረፈም። የሸምሱ እህት ከጎረቤት ከተማ ከሾርላይን ኮል አድርጋ «ገመዱ ተበጥሶ ከዘጠነኛ ፎቅ ወደቃችሁ አሉ» እያለች ታለቅሳለች። ሕንፃችን ዘጠኝ ፎቅ የለውም። ከኖርዝጌት ሰፈር የደወለች ሌላ ወዳጃችን ደግሞ የሞተው ማን ነው ብላ ነው የጠየቀችኝ።

ማን ነው መጨረሻ የገባው? ሸምሱ በቀለ ነው ይላል። በቀለ የሐጂን ልጅ ይላል። የሐጂ ልጅ እኛ ቀድመን ገብተናል፣ እናንተ ናችሁ የተከተላችሁን ይላል። እውነቱን ነው።

ሊፍቱ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ ተወጥሮበታል። ነገ ማክሰኞ ነው፣ የእማ እጥበት ቀን። እማ ከአምስተኛ ፎቅ እንዴት ይወርዳሉ?

ማክሰኞ

በወንበር አወረድናቸው። የወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠን በአንሶላ አሰርናቸው፣ ሸምሱ ከላይ በቀለ ከታች ያዙ። እኔ ዎከሩን ተሸክሜ ከኋላ። እማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሙሉ መንገዱን ቁርአን ሲቀሩ ወረዱ። በቀለ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ቀስ» ይላል በየደረጃው። አላህ ይስጠው፣ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ሳይተኛ ነው የመጣው።

መመለሻው ባሰ። ከእጥበት በኋላ እማ ሰውነታቸው ይዝላል፣ አንገታቸው እንኳን አይቆምም። በየፎቁ አረፍን። ሸምሱ አራተኛው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ሲተነፍስ አይቼ ፈራሁ። እሱም ልጅ አይደለም።

እማ አልጋቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

«ሙኒዬ፣ ቢሠራም እዚያ ሳጥን ውስጥ ተመልሼ አልገባም።»

«እሺ እማ፣ በደረጃ እናወርድዎታለን።»

«ልጄን በደረጃ አልገድለውም።»

«ታዲያ እጥበቱስ?»

«አላህ ያለው ይሆናል» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ሐኪሙ ነግሮናል፣ ያለ እጥበት ብዙ አይቆዩም። ለሸምሱ አልነገርኩትም።

እዚህ ብቻ የምጽፈው ነገር አለ። ዛሬ እማ ማሽኑ ላይ ሳሉ ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወረቀት ላደርስ ስሄድ ሊፍቱን ትቼ በደረጃ ወጣሁ። ለጤና ጥሩ ነው አልኩ ለራሴ።

ረቡዕ

የሊፍት ባለሙያዋ መጣች። አዎ፣ ሴት ናት። ሻረን ትባላለች፣ ሽበቷን በመሃረብ ያሰረች፣ እጇ ቅባት በቅባት። ሎቢው ላይ ቆሜ ጠየቅኳት፣ ደስ ብሏት አስረዳችኝ።

ገመዱ አልተበጠሰም! ያረጀው ፍሬኑ ነው፣ የኛም ክብደት በዛበትና መያዝ አቃተው። ያዳነን ሌላ ነገር ነው። በገባኝ መጠን ልጻፈው፦ ከላይ፣ ማሽኑ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መዘውር አለ፣ ቀጭን ገመድ ዞሮበታል። ሊፍቱ ሲወርድ አብሮ ይዞራል። ሊፍቱ ከልኩ በላይ ሲፈጥን መዘውሩ ላይ ያሉት ብረቶች ወደ ውጭ ይፈነጠሩና ገመዱን ቀጥ ያደርጉታል። ገመዱ ቆሞ ሊፍቱ ሲወርድ ከሊፍቱ ሥር ያሉት መንጋጋዎች ይሳባሉ፣ ግራና ቀኝ ያለውን ሀዲድ ነክሰው ይይዛሉ። ጓ! ያለው እሱ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ኮምፒውተር አይፈልግም፣ የሚጫን ቁልፍም የለው። መውደቃችን ራሱ ነው የሚያሠራው።

በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። ሀዲዱ ላይ የመንጋጋዎቹ ጥርስ የጫረው አለ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጭረት። ፎቶውን ላከችልኝ። ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም። እዚያች ጭረት ላይ ልጄ ነበረች፣ ባሌ ነበረ።

ለእማ ነገርኳቸው። «ሴት?» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ «ደግ አድርጋለች። ግን ብረት ነው፣ ሙኒዬ። ብረት አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል» አሉ።

እኔስ ማን ነኝ ላሳምናቸው? ዛሬ ከመሃል ከተማ በባቡር ስመለስ ቢከን ሂል ወርጄ የእማን መድኃኒት መውሰድ ነበረብኝ። ያ ጣቢያ ጥልቅ ነው፣ የሚወጣው በሊፍት ብቻ ነው። የባቡሩ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ቀጣዩ ጣቢያ ማውንት ቤከር ወርጄ በአውቶቡስ ዞሬ መድኃኒቱን ይዤ ገባሁ። ሸምሱ «ምነው ዘገየሽ?» ሲለኝ «ሰልፍ ነበር» አልኩት።

ሐሙስ

ጠዋት ሸምሱ ወንበሩን ሲያነሳ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ያዘው። ጮኸና መሬት ላይ ተቀመጠ። አሁን ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፣ ወደ ሽንት ቤት በቀለ ነው የሚደግፈው።

እጥበቱ ቀረ። የክሊኒኩ ነርስ ኮል አድርጋ «ቀጠሮውን ለነገ ጠዋት ሪስኬጁል አድርጌላችኋለሁ፣ ከነገ እንዳያልፍ። መተንፈስ ካስቸገራቸው አምቡላንስ ይጠራ» አለች። ከቀትር በኋላ የእማ እግር አብጧል። ስጫነው የጣቴ ጉድጓድ ይቀራል። ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም፣ ሱቁንም ዘጋሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሕንፃው ውስጥ ጓ! አለ። ያው ድምፅ! እኔ ሳህን ጣልኩ። እማ ከአልጋቸው ቀና አሉ፣ «ማን ወደቀ?» ብለው ጮኹ። በደረጃ ሮጥኩ። ሎቢ ውስጥ ሻረንና የከተማው ኢንስፔክተር ቆመዋል፣ ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የለም። ሊፍቱን ከባድ ብረት ጭነው ሆን ብለው ነው ያፈጠኑት። አዲሱን ፍሬንም መንጋጋውንም ለመፈተን። ያዘ። ኢንስፔክተሩ መሥራት ይችላል ብሎ ፈረመ።

ሻረንን «አማቴ ሊያዩሽ ይፈልጋሉ» አልኳት። እማ አላሉኝም፣ ከራሴ ነው ያወጣሁት። አምስት ፎቅ በደረጃ አብራኝ ወጣች። ለምን በሊፍት እንዳልወጣን አልጠየቀችኝም።

እማ ሲያዩዋት ሻሻቸውን አስተካከሉ። ጥያቄ ላይ ጥያቄ አመጡ፣ እኔ እተረጉማለሁ።

«አሁን የሰማሁትን ድምፅ አንቺ ነሽ ያመጣሽው?»

«አዎ፣ እናቴ።» (ሻረን ያለችው ማም ነው፣ እኔ ነኝ እናቴ ያደረግኩት።)

«ሰው በሌለበት?»

«ሰው እንዳይጎዳበት፣ ሰው በሌለበት ነው የሚሞከረው።»

ሻረን የእማን ዎከር እግር በሁለት መዳፏ መሃል አስገብታ ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። «ይሳቡት» አለቻቸው። እማ ሳቡ። አልነቃነቅ አለ። መንጋጋዎቹም እንዲህ ናቸው፣ ክብደት በጨመረ ቁጥር ይብስ አጥብቀው ይይዛሉ አለችን። እማ ደግመው ሳቡ፣ ከዚያ እጇን፣ ቅባት የጠገበውን እጇን፣ አገላብጠው አዩት።

«ይህን መጀመሪያ ያሰበው ማነው?»

አንድ ሰው ነው፣ ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት፣ አለች። ስሙን ነገረችን። እማ ሊይዙት አልቻሉም።

«ሞቷል?»

«ድሮ!»

እማ ሁለት እጃቸውን ዘረጉና ለዚያ ሰውዬ ዱዓ አደረጉ። በስሙ ፋንታ «ያ ሰውዬ» እያሉ። ሻረን ምን እንደሚሉ ባይገባትም የሥራ ኮፍያዋን አውልቃ ቆመች። ስትሄድ በትልቅ ዕቃ ምግብ ሰጠናት። እማ በር ድረስ በዎከር ሸኟት። ከበሩ አላለፉም።

ነገ ሊፍቱ ውስጥ ይገቡ እንደሆነ አላሉኝም። ብጠይቅ እምቢ እንዳይሉኝ ፈራሁ።

ዓርብ

እማ ማሽኑ ላይ ናቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እጽፋለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።

ጠዋት እኔ ሳልቀሰቅሳቸው ለብሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትንፋሻቸው ፈጠን ብሏል፣ ግን መተንፈስ አላስቸገራቸውም። ፎቶውን አሳዪኝ አሉኝ። ስልኩን ዓይናቸው ላይ አስጠግተው ጭረቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ» አሉ። «የያዘኝን ነው የፈራሁት። ያን ሁሉ ሰው፣ ልጄን፣ የልጅ ልጄን ይዞ፣ እኔ ዞር ብዬ እንኳን ሳላየው ወጣሁ። ይሄ ደግ አይደለም።»

ሐጂ ከጁምዓ ሶላት በፊት ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። በቀለም መጣ፣ «መኪናውን ከፊት ፓርክ አድርጌዋለሁ» አለ። ሸምሱ ከሶፋው ሆኖ እጁን አውለበለበ። ሊፍቱ ሲከፈት ሁላችንም በልማዳችን ወደ በሩ ተጋፋን። እማ ዎከራቸውን እንደ አጥር አቆሙት።

«ማንም እንዳይገባ! ሙና ብቻ። መሸኘት የፈለገ በደረጃ ይሸኘኝ።»

ገቡ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉና ዝቅ ባለ ድምፅ «ባለፈው ሳላመሰግንህ ነው የወጣሁት» አሉት።

እኔ ደፍ ላይ ቆሜያለሁ። እግሬ አልነሳ አለኝ። እማ ዞረው አዩኝ። ሁሉንም አወቁብኝ መሰለኝ፣ ደረጃውንም፣ ቢከን ሂልንም። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ያዝኩና ገባሁ።

ቀስ ብሎ ወረደ። ከግድግዳው ባሻገር የደረጃው ኮቴ ይሰማል፣ ሐጂ «ቀስ፣ ቀስ በሉ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ!» ይላሉ፣ ሂባ በእንግሊዝኛ ትስቃለች። በሩ ተከፈተ። ሎቢው ባዶ ነው። እኛ ቀድመን ደረስን። ሁለታችን እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ቆመን ሸኚዎቻችንን ጠበቅናቸው። ሐጂ ጉልበታቸውን ይዘው እያለከለኩ ብቅ ሲሉ እማ ሳቁ፣ ከእሁድ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው።

አሁን የእግራቸው እብጠት እየጎደለ ነው። ነርሷ ደህና ናቸው ብላለች። ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሰን መውጣት አለብን። ቀስ ብዬ «እማ፣ ስንመለስ ይፈራሉ?» አልኳቸው።

«በጣም። አንቺስ?»

«እኔም በጣም።»

«እንግዲያው አብረን እንገባለን» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ።