አባባ የማይሸሹበት ቀን

ሰኔ 24 ቀን 1957

ዝናብ። ስድስተኛ ክፍልን አለፍኩ። እማዬ ግን ዛሬም ከፍርድ ቤት ባዶ እጇን ገባች። አባባ ከእማዬ ሲፋቱ ለእኔና ለታናሼ ለሁንዴ በየወሩ ጤፍ እንዲሰፍሩ፣ ትምህርቴንም እንዲችሉ ከተፈረደባቸው ቆየ። አንድ ቁና አልመጣም። "እስከ መስከረም ካልሰጠ ትምህርቱ ይቀራል፤ ሰው ቤት ትቀጠሪያለሽ" አለችኝ፣ ፊቷን አዙራ። እኔ? ሰው ቤት?

ሐምሌ 2

ፖሊሱ ጋሽ ዓባይነህ አባባን ሊይዝ ወደሚኖሩበት ዓለም ገና ሄዶ ነበር። ለስንተኛ ጊዜ... "አገር ቤት ወርደዋል ተባልኩ።" ውሸት! በጓሮ ወጥተው ባሕር ዛፍ ውስጥ እንደሚደበቁ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያን የሚያህል ሆድ የትኛው ዛፍ ይሸፍነዋል?

ሐምሌ 7

ሽማግሌዎች መጡ። ኦቦ ኢቲቻና ጋሽ ተሾመ፣ የአባባ ማኅበርተኞች። "ታገሺ ጠጅቱ፣ የልጆችሽ አባት እኮ ነው።" ይህን እያሉ ቆሏችንን ጨረሱት። እማዬ፣ "ትዕግሥት ይፈጫል ወይ፣ ኦቦ?" አለቻቸው። ኦቦ ኢቲቻ ሳል ያዛቸው። ኮራሁባት!

ሲወጡ በር ላይ፣ "የፊታችን ገብርኤል ተረኛው ወንዳፍራሽ አይደል?" ተባባሉ። አባባ ተረኛ! ማኅበርተኛ ጠርቶ ከገዛ ቤቱ የሚጠፋ ሰው አለ?

ሐምሌ 17

ለጋሽ ዓባይነህ ነገርኩት። "አንቺ ልጅ፣ በገብርኤል ቀን ሰው ያዝ ትይኛለሽ? ሽማግሌዎቹ ይረግሙኛል።"

"እርግማኑ በእኔ ይሁን። እርስዎ ትእዛዙን ብቻ ይያዙ።"

ሳቀ። እሺ አለ።

ሐምሌ 19

ሄድን! ጭቃው እስከ ጉልበት። ቄሱ ጸልየው ዳቦው ሊቆረስ ሲል ጋሽ ዓባይነህ በሩ ላይ ቆመ። አባባ ዓይናቸው ወደ ጓሮ በር... እዚያ ደግሞ እኔ።

"እንደምን ዋሉ፣ አባባ?"

"በታቦቱ ቀን!" ቤቱ ተንጫጫ።

"ዋስ ካላቸው ነገ ይቅረቡ። ከሌላቸው አሁኑኑ ይነሱ" አለ ጋሽ ዓባይነህ።

ጠላው ሳይቀመስ ደጋሹ ሊወሰድ? ኦቦ ኢቲቻ ብድግ አሉ። "እኔ ዋስ!" ጋሽ ተሾመም ተከተሉ። እንዲህ ሲፈጥኑ አይቻቸው አላውቅም።

ሐምሌ 20

ዳኛው ነገር አያበዙም። "ወንዳፍራሽ ቀለቡን ካልሰፈረ ዋሶቹ ከጎተራቸው ይሰፍራሉ። ፈርሙ።" ጋሽ ተሾመ አውራ ጣታቸውን ቀለም እያስነኩ፣ "ከእኔ ጎተራ?" አሉ። "ይታገሡ፣ ጋሼ" ልል ስል እማዬ ቆነጠጠችኝ።

ጳጉሜን 3

ጤፉ መጣ! ያለፈውም ጭምር። አህያዋ ከፊት፣ ከኋላዋ አባባ፣ ከአባባ ኋላ ሁለቱ ዋሶች ዱላ ይዘው... የሚነዱት አህያዋን ይሁን አባባን እንጃ። እማዬ አላለቀሰችም። ጤፉን በእጇ ዘግና አየችና፣ "አስገቡት" አለች። እንደ ዳኛ! ሰኞ ሰባተኛ ክፍል እመዘገባለሁ።

ወደ ማታ ተረፈች የምትባል ሴት መጣች። ልጅ አዝላለች። ባሏ ቡራዩ ነው አሉ፤ ተፈርዶበት እሱም አይሰጥም። እማዬ በርጩማ አቀረበችላትና ጠየቀቻት፦

"ሰውዬሽ የየትኛው ታቦት ማኅበርተኛ ነው?"