እህቴ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ስለተቆረጠው ስልክ

ለተከበሩ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በጆሮ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ከጠየቁ ደህና ነኝ፤ ላለፉት ሦስት ሳምንታት ግን የድርጅትዎን ስም በሰማሁ ቁጥር የበላሁት ወደ ላይ ይለኛል። ይህን የምገልጸው ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው እውነቱን ከደንበኛው አፍ መስማት ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው።

እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ከቤቴ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከጀሶ፣ ከሰምና ከትንሽ መሞረጃ ሞተር ጋር እውላለሁ። እቴቴ የምላት አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ፤ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ የምትኖር፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ እናታችንም እስክትሞት ድረስ ከእርሷ ጋር ነበረች። እናታችንን የቀበርን ዕለት ዘግይቼ ብደርስ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት «ያላስታመምሽውን ልትቀብሪ መጣሽ?» አለችኝ። የእናቴን መታመም የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህንኑ ሳላስረዳ ከቀብሩ መልስ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እጄ በጀሶ እንደተለወሰ ስልኬ ጠራ።

«እኔ ነኝ» አለች። ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«እቴቴ?»

«ዝም በዪ፤ መጀመሪያ እኔ ልናገር። ካቋረጥሽኝ ይጠፋብኛል። ያን ቀን ሰው ፊት ያልኩሽን...»

እኔ አላቋረጥኳትም፤ ያቋረጧት እርስዎ ነዎት። ስለዚህም ምስጋናዬንና አቤቱታዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ወዲያው መልሼ ደወልኩ። አንዲት ሴት «የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም» አለችኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ ያለ መሰላቸት ያንኑ ነገረችኝ። ይህችን ሴት ከልብ አመሰግናታለሁ፤ በድርጅትዎ ውስጥ ድምፅዋ ጥርት ብሎ የሚሰማ ሰው እስካሁን ከእርሷ በቀር አላገኘሁምና።

2. ቀጥዬ ለደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ያነሳችልኝ ወጣት ትሕትናዋ ማር ነው። «እናቴ፣ ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት» አለችኝ፤ አጥፍቼ አበራሁ። ስልኬን ሳጠፋ ከእርሷ ጋር የማደርገውም ንግግር እንደሚጠፋ ሁለታችንም አላሰብንም ነበር። በሁለተኛው ጥሪ ሌላ ልጅ አነሳና ከመጀመሪያው ጀመርን። የስልኩን ሽፋን ያውልቁ ተባልኩ፣ አወለቅሁ። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት ተባልኩ፣ አደረግሁ፤ ልጁም ከነድምፁ ሄደ። በሦስተኛው ጥሪ ሲም ካርዱን አውጥቼ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ እንድመልሰው ታዘዝኩ። ሰም በምይዝበት ወረንጦ ሳወጣው አምልጦኝ፣ አዲስ ከተበጠበጠ ጀሶ ውስጥ ገባ። ጀሶ፣ ክቡር ሆይ፣ እንደ ድርጅትዎ ቀጠሮ አያራዝምም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ያ ጀሶ የአንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ የታችኛ መንጋጋ ቅርጽ ነበር። ሲሙን ለማውጣት መንጋጋቸውን በመዶሻ ሰበርኩት። ዳኛውም ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት ያለ ጥርስ ሾርባ ሲጠጡ ከረሙ፤ ስለ እርስዎ ድርጅት የሰጡትን ብይን ግን በጥርስ እጦት ምክንያት አጥርቼ ስላልሰማሁት ወደዚህ አልገለብጠውም።

3. በማግስቱ «ወደ ክፍትና ከፍ ወዳለ ቦታ ይውጡ» የሚል ምክር ተሰጠኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ በመሰላል ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ የውኃ ታንከሩን በአንድ እጄ አቅፌ፣ ስልኩን በሌላው ወደ ሰማይ ዘረጋሁት። ጎረቤቴ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ከግቢያቸው ሆነው «ወደ ምሥራቅ ዙሪ! ኧረ እሱ ምዕራብ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!» እያሉ ረዱኝ። አንድ መስመር መጣ። ሁለተኛው ሲጨመር ደወልኩ። ያቺው ሴት «ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም» አለችኝ። ከመሰላሉ ስወርድ ቀሚሴ ቆርቆሮ ያዘውና እስከ ጉልበቴ ተተረተረ፤ መምህሩ በጨዋነት ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዞሩልኝ።

4. በሦስተኛው ቀን ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤትዎ ሄድኩ። ንጹሕ ነው፤ ወንበሩ ይመቻል፤ ግድግዳው ላይ ስልክ ይዘው የሚስቁ ሰዎች ተሰቅለዋል፤ ምን እንዳሳቃቸው አልተጻፈም። የቅርንጫፉ ኃላፊ በአክብሮት ተቀብለው፣ በአካባቢያችን ምንም የኔትወርክ ችግር እንደሌለ በካርታ ያስረዱኝ ጀመር። በዚህ መካከል የራሳቸው ስልክ ጠራ። «ሃሎ? ሃሎ? ይሰማል?» እያሉ ተነሡ፤ ወንበር ገፍተው፣ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ጥሰው፣ በሩን ከፍተው መንገድ ላይ ወጡ። በመስኮት ሳያቸው አንድ ጆሯቸውን በጣታቸው ደፍነው፣ የመብራት ምሰሶ ተደግፈው ይጮኹ ነበር። ሲመለሱ ላብ አጥምቋቸው «እና ምን ላይ ነበርን?» አሉኝ። «ምንም ችግር የለም ያሉኝ ላይ» አልኳቸው። ካርታውን አጠፉት፤ እኔም ወጣሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ማቅለሽለሽ እዚህ በዝርዝር ባልጽፈው ወረቀቱም ያመሰግነኛል።

5. በአራተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

እቴቴ በሩን ከፈተችልኝ። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል።

«ለምን መጣሽ? ጆሮዬ ላይ ዘግተሽብኝ የለ?»

«አልዘጋሁም። ተቆረጠ።»

«የቱ ጋ?»

«‹ያን ቀን ሰው ፊት ያልኩሽን› ካልሽኝ በኋላ።»

በሩን እንደያዘች ቀስ ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች። «እሱ እኮ መጀመሪያው ነው» አለች። «ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት አውርቻለሁ። የስልኩ መብራት በርቷል፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። ዝም በዪ ስላልኩሽ ዝም ያልሽ መስሎኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩሽ። በመጨረሻ ‹ይቅር ትዪኛለሽ ወይ?› ብዬ ጠየቅሁ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ከዚያ ጢጥ ጢጥ አለና ጠፋ። መልስሽ እሱ ነው ብዬ ስልኩን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።»

«አሁን ድገሚልኝ፣ እቴቴ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ሰባት ዓመት ለብቻዬ ስለማመደው ኖሬ ነው አንድ ቀን የወጣኝ። አሁን ፊትሽን እያየሁ አልችልም። አትጠይቂኝ።»

አልጠየቅኋትም። ተነሥታ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ፤ በእናታችን አልጋ ላይ አዲስ አንሶላ አነጠፈችልኝ። ስድስት ቀን አብረን ሰነበትን። አንዳንዴ ሳህን እያጠበች «ያን ቀን...» ብላ ትጀምርና፣ የውኃው ቧንቧ ያንጠባጥብ እንደሆነ ለማየት ትወጣለች። ቧንቧው ምንም አልሆነም። እኔ ይቅር ብያታለሁ፤ አቅፌያት ነግሬያታለሁ። ምን ብላ ይቅርታ እንደጠየቀችኝ፣ የእናቴን ሕመም ለምን እንደደበቀችኝ፣ እናቴ በመጨረሻ ስለ እኔ አንድ ቃል ተናግራ እንደሆነ ግን አላውቅም። ያ ሁሉ የተነገረው በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። የሰማው ሰው የለም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ካሳ አልጠይቅም፤ ከእጅዎ የሚወጣ ነገር ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያስቀየሙት ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ካለዎ፣ ከቢሮዎ ሳይወጡ፣ ምሰሶ ሳይደገፉ፣ በራስዎ ድርጅት መስመር ይደውሉለትና ከልብዎ ይቅርታ ይጠይቁት። ተናግረው ሲጨርሱ ዝም ይበሉና መልሱን ይጠብቁ። እኔ ለእርስዎ ከዚህ የበለጠ ክፉ ነገር ልመኝ አልችልም።

ላደረጉልኝ ሁሉ ምን ጊዜም የማልረሳዎት፣ ከጥልቅ አክብሮትና ከማያባራ ማቅለሽለሽ ጋር፣ ታዛዥ ደንበኛዎ፣

ጥርስ ሠሪዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳልጨርስ ከድርጅትዎ የጽሑፍ መልእክት ደረሰኝ፤ «ያመለከቱት ችግር ስለተፈታ ደስ ብሎናል፤ አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ይመዝኑ» ይላል። አንድ ቁጥርን ጽፌ ላክሁ። ስልኬ «መልእክትዎ አልተላከም» አለኝ። ስለዚህ ቁጥሯን በዚሁ ደብዳቤ እንድትደርስዎ አድርጌያለሁ፤ ዜሮ የሚባል ምርጫ ሲጨምሩ ግን እባክዎ በፖስታ ያሳውቁኝ።