መርፌው የለም

ውድ ወንድምዓለም፣

ስልክህን ብታነሳ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ፀጉር ቤትህን ከፍተህ የሰው ጢም እየላጨህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የምትሸሸው እኔን ነው።

ሰኞ ጠዋት የላቦራቶሪያችን ጥበቃ ደወለልኝ። «አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል፤ መርፌ ልወጋ ነው የመጣሁት ይላሉ» አለኝ። ወርጄ ባይ የልጅነት የሒሳብ መምህራችን ናቸው። ከመክሳታቸው የተነሳ ኮታቸው የሌላ ሰው ይመስላል። በእጃቸው ፒጃማና ነጠላ ጫማ የያዘ ፌስታል አንጠልጥለዋል። ተኝተው ሊታከሙ ነው የመጡት!

«ወንድምሽ ሁሉንም ነግሮኛል» አሉኝ። «ካንሰሩን እንዳይዛመት የሚያደርገውን አግኝተሻል አሉ። እኔም ያንን የሚያስታውከኝን መድኃኒት እርግፍ አድርጌ ተውኩት።»

ፌስታሉን ከእጃቸው ተቀበልኳቸው።

እኔ ለአንተ የነገርኩህ ምን ነበር? ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው አንድ ፕሮቲን አለ፤ የካንሰር ሴል ከበቀለበት ተነቅሎ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ ይገታል። ፕሮቲኑ ሲበዛ ወደ አይጦቹ ሳንባ የሚዛመተው ቀነሰ። በአይጦች! ለሰው እንዴት እንደሚሰጥ፣ ይጥቀም ይጉዳ፣ ገና አናውቅም። አንተ ግን አይጦቹን እንደ ትርፍ ፀጉር ቆርጠህ ጣልክና የቀረውን አወራህ።

ይህንኑ እዚያው ቆሜ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ መቼ ይደርሳል?»

«አላውቅም፣ መምህር። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ጭራሽ ላይሆንም ይችላል።»

«ወንድምሽ ግን ቅርብ ነው ብሎኛል።»

አየህ? እኔ ከማውቀው ይልቅ አንተ የማታውቀው ተዋጠላቸው።

ለምን እንደዚያ እንዳልካቸው ባለቤታቸው ነገሩኝ። ፀጉራቸው መርገፍ ሲጀምር የላጨሃቸው አንተ ነህ አሉ። ወንበሩ ላይ አለቀሱብህ። ሰው ሲያለቅስ አንጀትህ አይችልም፤ ድሮም እንደዚያው ነህ። ክፉ ነህ አልልም። ግን ደግነትህ ሁለት ዙር መድኃኒት አስቀረባቸው።

እየተማጸንኩ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ ካንሰሩ ወደ ጉበታቸው መዛመቱን ነገረን። «ስላቋረጡ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርሽ የለም» አለኝ። ያ መልስ እርር ድብን አደረገኝ። ይህ በሽታ እንዴት እንደሚጓዝ ሳጠና ዕድሜዬን ጨርሼ፣ ሒሳብ ያስተማሩኝን ሰው ሲወርር ቆሜ አየሁት።

መምህር ሐሙስ መድኃኒቱን እንደገና ይጀምራሉ፤ በደም ሥር እየተንጠባጠበ ሰዓታት ይወስዳል። ባለቤታቸው ወገባቸውን ስለሚያማቸው ያን ያህል ሰዓት መቀመጥ አይሆንላቸውም። አንተ ሥራህን ዘግተህ ትቀመጣለህ። እየለመንኩህ አይደለም። መጀመሪያ ዓይናቸውን እያየህ «የነገርኩዎት ልክ አልነበረም» በላቸው። ከዚያ ስለ ኳስም ቢሆን አውራ። ሲያስታውካቸው ሳህኑን ያዝላቸውና «አይዞዎት» በል። ከዚያች ቃል በላይ ምንም እንዳትጨምር።

ሐሙስ ሆስፒታሉ በር ላይ የምጠብቅህ፣
አሁንም የተናደድኩብህ እህትህ