ገመዱ ዛፉ ባለበት

ውድ ወንድሜ ፌሊክስ፣

እንደምን ከረምክ? ሚስትህ ሶውልሩንስ እንዴት ናት፣ ከወሊድ ወዲህ ጉልበቷ ተመለሰላት? ሕፃኑ ጡት በደንብ ይይዛል ወይ? ሌሊት ያስተኛችኋል? በዓሣ ፋብሪካው ብርድ የተያዘው ወገብህስ ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴን ቦግዳንን ጉልበቱን ያመዋል፤ ግን ጉልበቱን ያላመመው ቀን አይቼ ስለማላውቅ ይህን ከዜና አልቆጥረውም። ሱቄም እንደነበረች ናት፣ ሰው ዳቦ ሊገዛ ይመጣል፣ ወሬ ይዞ ይሄዳል። አባባ ጤናቸው ደህና ነው። የምጽፍልህም በእሳቸው ጉዳይ ነው።

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። በስልክ ከሆነ ግን «እሺ፣ እሺ» ብለህ ትዘጋለህ። ይህን ቁጭ ብለህ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

ልጁን በሚስትህ አገር ደንብ በአንተ ስም አስጠርተህ ካውሪ ፌሊክስሶን፣ የፌሊክስ ልጅ ካውሪ፣ እንዳልከው፣ ሌዚቭኒክ የሚለው የዘራችን ስም እንዳልገባበት ስትነግረኝ፣ «ለአባባ አንቺ ንገሪያቸው» ብለህ ጨመርክ። ደግ አደረግክ። ከባሕር ማዶ ሆኖ ማዘዝ ቀላል ነው። እኔም ነገሩን ሆዴ ውስጥ ይዤ ከበጋ እስከ መጸው ቆየሁ።

ለምን እንደዘገየሁ እንዲገባህ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። አባባ በፀደይ የመቃብሩን ድንጋይ አስቀየሩ። እናታችን ያረፈችበት ላይ አዲስ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል፤ ከላይ «የሌዚቭኒክ ቤተሰብ» ይላል። ከእማማ ስም ሥር የራሳቸው ስም አለ፣ የተወለዱበት ዓመት አለ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ። ይህ እንኳ የሰፈሩ ወግ ነው፣ ቦግዳንም የኛን በቁማችን እናስቀርጽ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ነው። የአባባ ድንጋይ ግን ከሥሩ የተረፈው ባዶ ቦታ ከተጻፈበት ይበልጣል። ድንጋይ ጠራቢው «ይህን ሁሉ ምን ያደርጉታል?» ቢላቸው «ይሞላል» አሉት። አንተን ነው የሚያስቡት፣ ከአንተ ሥር ደግሞ ልጅህን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲና ብሩሽ ይዘው ሄደው ያጥቡታል። ጎረቤታችን ጌኖቬፋ በዚያ ስታልፍ «ገርቫዚ፣ ሳትገባበት ልትጨርሰው ነው እንዴ?» ትላቸዋለች። «ስገባ ንጹሕ እንዲሆን ነው። የባልሽን አይቼ እኮ ነው የፈራሁት፣ አረንጓዴ ለብሶ ስሙ እንኳ አይነበብም» ይሏታል። እሷም አትቆጣም። እንዲህ እየተነካከሱ አርባ ዓመት ኖረዋል።

በጥቅምት ደግሞ ልጄ ያግና ከትምህርቷ ለእረፍት መጣች። አሁን ኮምፒውተር ላይ የአገሪቱ ካርታ አለ፣ የዘር ስም ስትጽፍበት የስሙ ባለቤቶች በሚበዙበት አውራጃ ይጠቁራል፣ በሚያንሱበት ይነጣል። የጎረቤቱን ሁሉ ስም እየጻፈች ስታስቀን ዋለች። አባባ መነጽራቸውን አድርገው መጡና «የኛን አውጪልኝ» አሏት።

ወጣ። የጠቆረው ማዙሪ ነው፣ ሽቺትኖ ዙሪያ። ቀጥሎ ዋርሶና ግዳንስክ። ከድንበር ወዲያ ጀርመኖች ከሰል የሚቆፍሩበት አገር ውስጥ አሉ፤ ብራዚልም አያቶቻቸው መሬት በነፃ ይታደላል ተብለው የሄዱ ጥቂቶች አሉ። የኛ አውራጃ ወረቀት ሊመስል ምንም አልቀረው። ያግና ጣቷን ስታሳርፍበት አንድ የሚል ቁጥር ወጣ።

«ይሄ አንዱ ማነው?» አሉ አባባ።

«እርስዎ ነዎት፣ አያቴ።»

«እናትሽስ?»

«እማዬ በአባዬ ስም ነው የምትቆጠረው። ካንያ ናት።»

አባባ ካርታውን ትተው እኔን አዩኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ካንያ መሆኔን ዛሬ የሰሙ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሩን ራሳቸው ዘጉት፣ በሁለት እጃቸው፣ ቀስ ብለው።

እውነቱን ነው የሚለው ካርታው። በአያታችን ጊዜ ዘጠኝ ቤት ሌዚቭኒክ ነበር በዚህ መንደር። ፖስተኛው እንኳ የቤት ቅጽል ካልተጨመረበት ማንን ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም ነበር። የኛ ቤት «ጭልፋ» ነበር የሚባለው፣ ቅድመ አያታችን ክርክር የምትፈታበትን ዕቃ ታስታውሳለህ። አሁን ጭልፋ የሚለን ሰው የለም። የምንምታታበት ሌላ ቤት የለማ።

ያግና በዚያ ምሽት ስሙ ከየት እንደመጣ ጠየቀቻቸው። አባባ ሁልጊዜ የሚሏትን አሏት። የጫካው ሰዎቻችን ድሮ ንብ የሚያረቡት በቆመ ጥድ ላይ ነበር፣ ግንዱን ከፍ አድርገው ፈልፍለው። ወደዚያ የሚወጡበትና ማሩን ሲቆርጡ የሚቀመጡበት ገመድ ሌዚቮ ይባላል፤ ያው ጎተራችን ውስጥ ሚስማር ላይ የተሰቀለው፣ መቀመጫ ሳንቃ ያለችው። እንደ አባባ አነጋገር የመጀመሪያው አባታችን ለጫካው ንብ አርቢ ሁሉ ገመድ የሚገምድ ባለሙያ ነበር፣ ስሙም በዚያ ወጣለት። የመንደሩ ሰው ሌላ ነው የሚለው። ሰውየው የማር መጠጥ ጠጥቶ ዛፍ ላይ ወጣ፣ ገመዱ እግሩን ያዘውና ከጠዋት እስከ ማታ ጸሎት ደወል ተዘቅዝቆ ዋለ፣ ንቦቹም የቻሉትን አደረጉበት። ይህ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው፤ ብቻ እኛ ባለንበት አይወራም። አንተም የጌኖቬፋን ልጅ አፍንጫ የሰበርከው በዚሁ ነው።

ገመዱ የጠብም ምክንያት መሆኑን ታውቃለህ። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ማዙሪ ውስጥ ጀርመኖች ጥለውት የሄዱ ባለቤት አልባ የጡብ ቤትና ደህና መሬት ተገኘ ሲባል፣ አሸዋ ላይ ድንች መትከል የሰለቸው ሁሉ ጓዙን ጭኖ ሄደ። የአያታችን ወንድም ክሌመንስም ከዘመዱ ጋር ሄደ። ሲሄድ ገመዱን ለመነ። አያታችን «ገመዱ ዛፉ ባለበት ይቀራል» አሉት። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የለም። የክሌመንስ ሰዎች በየዓመቱ ለቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ አገሩ ሁሉ መቃብር በሚጠይቅበት ቀን፣ በጠዋት ይመጣሉ፣ የጋራ አያቶቻችንም ባሉበት መቃብራችን ላይ ሻማ አብርተው እኛ ሳንደርስ ይሄዳሉ። አባባ ደግሞ ሻማቸውን አንስተው አጥሩ ሥር ያስቀምጡታል። አያጠፉትም፤ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ያዛውሩታል።

ዘንድሮ መንገዱ ተጨናንቆባቸው ኖሮ ዘገዩ። እኛ ስንደርስ የክሌመንስ የልጅ ልጅ ሁበርት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ገና እዚያው ነው። ሻማዋን የት እንዳኖራት ልንገርህ? ለአንተ ስም በተተወው ባዶ ቦታ ሥር። አውቆ አይደለም፣ ቦታው ሰፊ ስለሆነ ነው። የአባባን እጅ ነበር የማየው። ሁበርትም ኮፍያውን አውልቆ ጠበቀ።

«እነዚህ ሁሉ ያንተ ናቸው?» አሉት አባባ።

«አዎ፣ ጋሼ። አንዷ አተኩሷት ቤት ቀርታለች።»

«ሁሉም ሌዚቭኒክ?»

«ሌላ ምን ይሆናሉ?»

«ጥሩ» አሉ። ሻማዋን አላነሷትም። ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ «ካርታውን ያጠቆሩት እነዚህ ናቸው» አሉኝ።

እኔም ዛሬ ካልነገርኳቸው መቼም አልነግራቸውም አልኩ። ምሳ ላይ ነበርን፣ ዝይ አርጄ የድንች ጥብስ ኬክ ጋግሬአለሁ። ፈርቼ ነበር፣ አልደብቅህም። ያለ መግቢያ ነገርኳቸው። መጉረሳቸውን ቀጠሉ፣ ሳህናቸውን ጨረሱ፣ አጥንቱን እንኳ ጋጡ።

«ተገድዶ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ ወዶ ነው። በአገሩ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራው፤ ባልም ሚስትም ልጅም አንድ የጋራ ስም የላቸውም። ልጁ እንደ እኩዮቹ እንዲሆን ብለው ነው።»

ተነሱ፣ ካፖርታቸውን ደረቡ፣ ወደ ጎተራው ሄዱ። ልከተል ስል ቦግዳን «ተዪያቸው» አለኝ። በመስኮት አየኋቸው። እንጨት መፍለጫው ጉቶ ላይ ተቀምጠው ገመዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ልክ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ክር በክር ይነኩታል። ጎተራው ብርድ ነው፣ እሳቸው ሰማንያ አራት ናቸው። በዚያ ሰዓት ጠላሁህ ፌሊክስ፣ ይህንንም እወቀው።

ሳህኖቹን አጥቤ ስጨርስ ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጥለው ገቡ፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ንጹሑ ጨርቅ ላይ፣ ዘረገፉት። ቤቱ ሬንጅ ሬንጅ ሸተተ።

«ሰውየው ከመንጠልጠሉ በፊት ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«የመጀመሪያው ነዋ። ሰክሮ የተዘቀዘቀው።»

ቦግዳን መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ። እናታችን እንኳ ይህን ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«እኔም አላውቅም። ግን ስም አልባ አልነበረም። የእገሌ ልጅ እገሌ ይሉታል፣ አባቱ ይታወቃል፣ በቃ። የኔ ስም የመጣው ከስካር ነው። የሕፃኑ ከአባቱ ነው። የቱ ያሳፍራል?» አሉና ተቀመጡ። ቀጥለውም «ይህን ላኪለት» አሉ።

እኔ መቼም አርፌ አልቀመጥ። «አባባ፣ ገመዱ ዛፉ ባለበት ይቀራል አልነበር እንዴ የሚባለው?»

«ያሉት አባቴ ናቸው። አባቴ ሞተዋል።»

«ለሁበርት አይሻልም? እነሱ ለምነውት ነበር።»

«ሁበርት ስሙ አለው። ይበቃዋል።»

«ፌሊክስ ያለበት ግን ዛፍ የለም፣ አባባ። ፎቶውን አይተዋል፣ ድንጋይና ሣር ነው።»

«ሕፃኑ ዛፍ ለመውጣት ገና ነው» አሉ። «ፌሊክስ እስከዚያ ይትከልለት። ስሙን ካልሰጠው ዛፍ ይስጠው።»

እንግዲህ ገመዱን ሰኞ ዕለት ሚሺኔትስ ወስጄ አስገባሁት። የፖስታ ቤቷ ሴት ምን እንዳለበት ስትጠይቀኝ «ዛፍ መውጫ» አልኳት። አድራሻውን አየች፣ እኔን አየች፣ «አይስላንድ?» አለች። «አይስላንድ» አልኳት። ከገና በፊት ይደርሳል ብላለች። ሳንቃዋን ቁራጭ እንጨት መስላህ እንዳትጥላት፣ መቀመጫዋ እሷ ናት። ቋጠሮውንም አትፍታው፤ የቋጠሩት አያታችን ናቸው፣ መልሶ የሚቋጥረው የለም።

አባባ ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው ድንጋዩን ሊያጥቡ ሄደው ነበር። የሁበርት ሻማ አልቆ ስላገኙት ከሱቄ አዲስ ወስደው እዚያው ቦታ አቆሙ። ጌኖቬፋ ባዶው መቼ እንደሚሞላ ብትጠይቃቸው «የሻማ ቦታ ነው» አሏት። ካልመጣህበት አይቀየሙህም ለማለት ነው የጻፍኩልህ። ብትመጣበትም ሰፊ ነው።

ለሶውልሩን ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችው የሱፍ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል፣ ቦግዳንም ይመኘዋል። ለእናቷ ከብርዱ እንድትጠነቀቅ ንገርልኝ። ቦግዳን ከነጉልበቱ ሰላም ብሎሃል። ያግና ሳመችህ፤ ሕፃኑን ካርታው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት ብላ አኩርፋለች። ጌኖቬፋም ሰላም ብላሃለች፤ ልጇ ስለ አፍንጫው ይቅር ብሎሃል፣ ሚስቱ እንዲያውም ያምርበታል ትላለች።

አባባ ከጎኔ ተቀምጠው የምጽፈውን ይከታተላሉ። ሰላምታዬን ለሕፃኑ ለብቻው ጻፊልኝ ስላሉኝ «ለካውሪ፣ ለፌሊክስ ልጅ» ብዬ ጽፌ ብዕሬን ሳነሳ አስቆሙኝ። «ምነው ተውሽው?» አሉኝ። «ፌሊክስ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

ስለዚህ ባሉኝ መሠረት እጽፈዋለሁ። ለካውሪ፣ ለፌሊክስ ልጅ፣ ለገርቫዚ የልጅ ልጅ፣ ሰላምታችን ይድረሰው።

እህትህ ሉድቪና

ዛባርቼ፣ ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በኋላ ባለው ሁለተኛ እሁድ፣ 2023 እ.ኤ.አ.