ስለ ላክሽልኝ የእርድ እንክብሎች

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ፣ የኔ ሆድ? እኔ ደህና ነኝ። ይቺን «ደህና ነኝ» የምትለውን ቃል ቆይቼ አፍታታልሻለሁ፤ ለጊዜው ግን እጄም እግሬም በየቦታቸው አሉ፣ ምላሴም እንደምታውቂው ነው።

የላክሽው ጠርሙስ ደርሶኛል። የሥራ ባልደረባሽ እናት ከውጭ እንደተመለሱ ደረጃውን ቁና ቁና እየተነፈሱ ወጥተው «ለእጅዎ ነው ብላለች» አሉና ሰጡኝ፤ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። ያን ቀን እጄን ደጋግሜ አየሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ብልቃጥና ቱቦ በቀዝቃዛ ውሃ ያጠበ እጅ ነው፤ ቢያኮርፍም አልፈርድበትም። ጠዋት ጠዋት አንጓዎቹ እንደ ዝንጅብል አብጠው ነው የምነሳው። የሸሚዜን ቁልፎች ለመቆለፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ ብነግርሽ ትስቂያለሽ።

ጠርሙሱ ላይ «እርድ፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፤ ለመገጣጠሚያ እብጠት» ይላል። እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ነው ብዬ አላደግሁም። አንዷን እንክብል ከፈትኩና ዱቄቷን በሁለት ብርጭቆ ውሃ ከፈልኳት። በአንዱ ውስጥ የልብስ ሳሙና ፈቀፈቅሁበት። ታስታውሻለሽ አይደል፣ ትንሽ ሆነሽ ወጥ ቤት ያሳየሁሽን? እርድ ሳሙና ሲነካው ቢጫነቱን ትቶ ደም ይመስላል። ወዲያው ቀላ! ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። ልጄ የላከችልኝ እውነተኛ እርድ ነው።

እውነተኛ መሆኑና መሥራቱ ግን ሁለት ጥያቄ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ አንድ ሰው አይበቃም። ስለዚህ ከላይ ያሉትን ጎረቤቴን ጋሼ ፍሬንን ለሥራው መለመልኳቸው። አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱት ናቸው፤ ፍሬን ሲይዙ ተሳፋሪው ሁሉ እርስ በርሱ ስለሚሳሳም ነው ስሙ የወጣላቸው። የዚያ ሁሉ ፍሬን ዕዳ አሁን ጉልበታቸው ላይ ነው። ደረጃ ሲወጡ የግድግዳውን ቀለም በመዳፋቸው ጠርገው ጨርሰውታል።

«ጋሼ፣ በየቀኑ አንዳንድ እንክብል እንውጥ፤ እርስዎ ሠላሳ አራቱን ደረጃ በስንት ሰኮንድ እንደሚወጡ እይዛለሁ፣ እኔ ደግሞ ቁልፎቼን በስንት ደቂቃ እንደምቆልፍ እመዘግባለሁ» አልኳቸው።

«አንቺ ላቦራቶሪ» አሉኝ፤ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ፤ «እኔ ብሞትስ የት ልትጽፊው ነው?»

«አስተያየት በሚለው ሥር።»

ሳቁ፣ ዋጡ፣ ጀመርን።

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይወርዳሉ፣ እንክብላቸውን ይውጣሉ፣ ከዚያ ታች ድረስ ወርደው ይመለሳሉ፤ እኔ በሩ ላይ የአባትሽን የእጅ ሰዓት ይዤ እቆማለሁ። መጀመሪያ ቀን ሃምሳ ስምንት ሰኮንድ ነበሩ። ሳምንት ሲሞላን ሃምሳ አምስት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሃምሳ አንድ! ግድግዳውን መንካት ትተው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሲወጡ ብታዪ፣ ሎተሪ የወጣላቸው ነው የሚመስሉት። እኔም ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ወደ አሥር ወረድኩ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ግን ደብተሬ ላይ ቁጥሩ ሲወርድ ሳይ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ድረስ ጓጓሁ። እርዱ ነው? ወይስ በየጠዋቱ መንቀሳቀሳቸው? ወይስ የሚጠብቃቸው ሰው መኖሩ?

በአሥራ ስድስተኛው ቀን የመስኮቱን መስታወት እየወለወልኩ ሳለ አፍንጫዬ ነሰረ።

ነስር ምን አለበት ብዬ ቆንጥጬ ያዝኩት። አልቆመም። ፎጣ አመጣሁ፣ ፎጣው ራሰ። ሁለተኛ ፎጣ አመጣሁ። ከጥቂት ቀናት በፊት ክንዴ ላይ ሰማያዊ ነገር አይቼ «የት ተጋጨሁ?» ብዬ ነበር፤ አሁን እጅጌዬን ስሰበስበው ሦስት ሆኗል። ጋሼ ፍሬን ለእንክብላቸው በሩን ሲያንኳኩ ፎጣውን ፊቴ ላይ አድርጌ ከፈትኩላቸው።

ክንዴን ያዙኝና ወረድን። እኚያ ሰውዬ ያን ደረጃ እንደዚያ ሲወርዱት አይቼ አላውቅም፤ ሰዓት ያልያዝኩባቸው ብቸኛ ቀን መሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት ተማሪዬ ነበረች። አስቀመጠችኝ፣ ጭንቅላቴን ወደፊት አስደፋችኝ፣ አፍንጫዬን ራሷ ያዘችልኝ። ጋሼ ፍሬን ጠርሙሱን ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አቆሙት፤ መቼ እንዳነሱት አላየሁም።

«ከዚህ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ፣ ቲቸር?» አለችኝ።

«የለም» አልኩ።

ክንዴን ገልጣ አየችው። «ቲቸር፣ ብልቃጥ ከመክፈታችሁ በፊት በውስጡ ምን እንዳለ እወቁ እያሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ውስጥ ምን አለ?»

እንዲህ ስትይዘኝ ጋሼ ፍሬንን አየሁ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩልኝ። ያኔ ተናገርኩ። ልጄ፣ ላንቺም አሁን ልናገር።

ዓምና የክረምቱ መጀመሪያ ላይ አራት ቀን ስልክ ሳላነሳ ቀርቼ «አክስትሽ ጋ ሄጄ ነው፣ እዚያ ኔትወርክ የለም» ብዬሽ ነበር። አክስትሽ ጋ አልሄድኩም። ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። እግሬ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባዬ ሄዶ ትንፋሽ አሳጥቶኝ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ደም የሚያቀጥን ክኒን እወስዳለሁ። አንቺ ያኔ አዲስ ሥራ ገና መጀመርሽ ነበር፤ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ዶቃ መስፋት ጀመርኩ ብለሽ በደስታ ስትጮኺ እየሰማሁ ይህን ማን አፍ አውጥቶ ይነግርሻል? ዛሬ ነገ ስል ዓመቱ ተቀየረ። «ሳትነግሪኝ ቀርተሽ ጠርሙሱን እንድልክ አደረግሽኝ» ብትይ እውነትሽን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ የላክሽው ለደህና ሰው ነው።

«እርድ እኮ ነው» አልኳት ፋርማሲስቷን፣ «ምግብ ላይ የሚነሰነስ ነገር ነው።»

«ምግብ ላይ የሚነሰነሰው ቁንጥር ነው፤ ይኼ ተጨምቆ የተከማቸ ነው» አለችኝ። «ቁንዶ በርበሬው ደግሞ ይበልጥ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። ክኒኑ ደምዎን ያቀጥናል፣ እርዱ ደግሞ ያግዘዋል። ሥራ የሚሠራ ተክል ሥራውን መርጦ አይሠራም፣ ቲቸር።»

ይህን ንግግሯን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ማን አስተማራት ብዬ ትንሽ ኮራሁም።

ሆስፒታል ወሰዱኝ። ደሜ የሚረጋበትን ፍጥነት የሚለካ ምርመራ አለ፤ የኔ ቁጥር ከሦስት ማለፍ የለበትም፤ አምስት ተኩል ደርሶ አገኙት። መድኃኒት ሰጡኝ፣ ሁለት ቀን አስተኙኝ። ሐኪሙ ጭንቅላቴ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ነገረኝ፤ እሱን አልጽፍልሽም። አሁን ቁጥሩ ሁለት ተኩል ነው። እንክብሉን ትቻለሁ። ለእጄ የሚቀባ ነገር ታዞልኛል፣ በየጠዋቱም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጣቶቼን አዘፍዝፌ አፍታታለሁ። እንግዲህ «ደህና ነኝ» ያልኩሽ ይሄን ነው።

ጋሼ ፍሬንን ፋርማሲስቷ የሚወስዱትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቃ፣ ሐኪማቸውንም አማክራ፣ መቀጠል ይችላሉ ብላቸዋለች። አርባ ዘጠኝ ሰኮንድ ገብተዋል። እርዱ ይሁን ደረጃው እንዲለይ አንድ ወር ያለ እንክብል እንሞክር ብላቸው «ላቦራቶሪ፣ ጉልበቴ ደስ ብሎት ተቀምጧል፣ ምን አድርጎሽ ነው የምታስከፊው?» አሉኝ። ሳይንስ በእሳቸው በኩል ቆሟል። እኔን ግን አሁንም ይከነክነኛል።

አሁን ደግሞ ወደ አንቺ ልምጣ። እኔ እውነቱን ተናግሬያለሁና ለመጠየቅ መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ጠርሙሱ የመጣ ዕለት፣ ምንም ከማድረጌ በፊት፣ እንክብሎቹን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጬ ቆጥሬያቸዋለሁ። ጠርሙሱ ላይ ስድሳ ይላል። ያገኘሁት ሃምሳ አንድ ነው። የአፉ ወረቀት ተቀዶ ነበር። ዘጠኙን ማን ዋጣቸው?

መንገድ ላይ ፈሰሱ እንዳልል ክዳኑ ጥብቅ ነበር። ፋብሪካው አጎደለ እንዳልል ማሸጊያው የተቀደደው በጥፍር ነው። ከዚያ ያለፉትን ሁለት ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ አየሁ። ሁለቱም በኮምፒውተር የተጻፉ ናቸው፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብለሻል። ደብዳቤ በእጅሽ ካልጻፍሽ የማትረኪ ልጅ ነበርሽ እኮ። በስልክ የላክሽልኝን ፎቶሽን አጉልቼ አየሁት፤ ኩባያውን በጆሮው ሳይሆን በሁለት መዳፍሽ አቅፈሽ ነው የያዝሽው። እኔ እንደዚያ ነው የምይዘው።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ተሳስተሻል በይኝና ደስ ይበለኝ። ግን ፋርማሲስቷን ስም ሳልጠራ ጠይቄያታለሁ። «በእኔ ዕድሜ የሚያብጥ ጣት አንድ ነገር ነው፤ በሠላሳ አራት ዓመት ቢያብጥስ?» አልኳት። «በሁለቱም እጅ ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ አልፍታታ ካለ፣ በእንክብል የሚታለፍ አይደለም፤ ቶሎ ሐኪም አይቷት ደሟ ይመርመር፤ ቀድሞ ከተደረሰበት ጥሩ መድኃኒት አለው» አለችኝ። ከዚያ አየችኝና «ዶቃ የምትሰፋዋ ናት?» አለችኝ።

ዘጠኝ ቀን ሞክረሽ፣ ለውጥ ስታጪ፣ «ለእናቴ እንኳ ይሁንላት» ብለሽ እንደላክሽው ይሰማኛል። አልቆጣሽም። እኔም አራት ቀን አክስትሽ ጋ የሄድኩ ሴት ነኝ። መደበቁን ከማን ተማርሽው ብዬ ሌላ ቤት አልሄድም።

ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ዛሬ ነገ አትበይ። ቀሚሱን ሌላ ሰው ይሰፋዋል፣ ሙሽራዋም ታገባለች። የነገሩሽን ደግሞ ቁጥሩን ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ንገሪኝ፤ ቁጥር አያስደነግጠኝም፣ የሚያስደነግጠኝ ሲጎድል ነው።

የኔን ሐኪም አንድ ነገር ጠይቄው ነበር፤ አውሮፕላን ላይ ብዙ ሰዓት መቀመጥ እችል እንደሆን። ቁጥሩ ሁለት ወር ከተረጋጋ፣ ክኒኔን ከዋጥኩ፣ በየሰዓቱም ተነስቼ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ካልኩ ይቻላል ብሎኛል። ትናንት የፓስፖርት ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ጥርስ አይታይም፣ አይሳቁ» ቢለኝ አልቻልኩም፤ ሦስት ጊዜ ደገመኝ።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ከክፉ ነገር ይሰውርሽ፣ ጥሩ ሰው አጠገብሽ አያሳጣሽ፣ የእናትሽን ሕመም ሳይሆን የእናትሽን ግትርነት ያውርስሽ።

ስመጣ ቤቱን አታሰናጂ። እንዳለ ልየው።

የምትወድሽ እናትሽ