መረዳት አለባት

ሰኞ
አታሳምረው አልኩት ደምሴን። ቀበሌ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ጎረቤቴ ነው፤ እጁ ለምዶ «ጉዳዩ፦» ብሎ ጀመረ። ያልኩህን ብቻ ጻፍ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ለገሃር ሠላሳ ዓመት ለባቡር ሐዲድ ሳዞር አንድ ፉርጎ አልጣልኩም።

ይህን ማስታወሻ በየቀኑ እንዳስጽፍ ያዘዘችኝ ካዛንቺስ ወጣት ማዕከል ያለችው አማካሪ፣ ሕሊና ናት። የልጅ ልጄ ቃልኪዳን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ካፏ ቃል ከጠፋ ሁለት ወር ሆነ። ትምህርት ቤቷ ነው ወደ ሕሊና የላካት።

እናቷ፣ ልጄ፣ ዓረብ አገር በሠራተኝነት ሄዳ ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። ለቃልኪዳን አልነገርናትም። ፈተናዋ ይለፍ ያልኩ እኔ ነኝ። አርባዋንም ወሎ ሰፈር እህቴ ቤት ደብቄ አወጣሁ። እናቷ እሑድ እሑድ ትደውል ነበር፤ አሁንም ልጅቷ እሑድ ሲሆን ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። መስመር ተበላሽቶ ነው እላታለሁ።

ይህን ገጽ ለሕሊና አናሳያትም።

ማክሰኞ
ሕሊና ብቻዬን አነጋገረችኝ። ልጅ ናት፤ ጥፍሯን ትበላለች። «አባባ፣ እኔም ገና ጀማሪ ነኝ» አለች። ሦስት መንገድ ተምራለች። አንዱ የልጁን ሐሳብ እየመረመሩ የቤት ሥራ መስጠት ነው። አንዱ እስኪናገር አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። አንዱ ቤተሰቡን ሁሉ ጠርቶ አብሮ ማከም። በየትኛው እንደምትሠራ እስከ ዓርብ ለአለቃዋ መናገር አለባት።

«ማለቴ፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ብወስድስ?» አለችኝ። እኔን ታማክር!

ልጄ፣ ሐዲድ ግማሽ ዞሮ ግማሽ ከቀረ ባቡሩ ይገለበጣል አልኳት። ወይ አዙሪ ወይ ተዪ። ሳቀች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

የቤት ሥራው ይሻላል ብዬ መከርኳት። ቤተሰብ የሚጠራው እንዲቀር ብዬ ነው።

ረቡዕ
ተበላሸ። ቃልኪዳን ስትወጣ ሕሊና በሩን ዘጋችና «ይህች ልጅ መረዳት አለባት» አለች።

ደሜ ፈላ። «የእናቷን ሞት ማን ነገረሽ? ፈተናዋ ሳያልፍ ማንም አያረዳትም!» ብዬ ወለሉን በከዘራዬ መታሁት።

«የምን ሞት?» አለች። ለካ እርዳታ ያስፈልጋታል ማለቷ ነው። እኔ መርዶ ሰማሁ። በገዛ አፌ አወጣሁት።

«ከሞተች ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሁለት ወር አልፎታል።»

ፋይሏን ገልጣ ቀኑን በጣቷ አሳየችኝ። ልጅቷ ዝም ካለችበት ጊዜ ጋር አንድ ነው።

ደምሴ ይህን ሲጽፍ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ዓርብ
መረጠች። «ሦስተኛውን ነው አባባ። ቤቱ ሁሉ ዝም እያለ እሷን ብቻዋን ተናገሪ ልላት አልችልም። የቤት ሥራው የእርስዎ ነው፤ ይንገሯት።»

«እምቢ ብልስ?»

«ለሌላ ባለሙያ አስተላልፋታለሁ። ይህን ይዤ ፊቷ አልቀመጥም፣ በቃ።» ጥፍሯን እየበላች ነው፤ ግን አለችው።

የስንት ዓመት ልጅ ነሽ እኔን የምታዢ ብያት ወጣሁ። ታክሲ አልያዝኩም፤ ሰው ፊቴን እንዳያይ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። አዙሪ ያልኳት እኔው ነኝ።

ቅዳሜ
እህቴ አብራኝ ልታረዳት እሺ አለች። መርዶ በጠዋት ነው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ እንገባለን። ደምሴንም ና አልኩት።

«ጋሼ ወልዴ፣ የኔ እጅ የሚያውቀው ማመልከቻ ነው። የነገውን ሌላ ሰው ያስጽፉ።»

ፈሪ! እኔም ፈሪ ነኝ። ይህንንም አታሳምረው።

እሑድ
ዛሬ የምትጽፈው ቃልኪዳን ናት።

ከእህቴ ጋር ገባን። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ደብተሩን ሰጠኋትና ጻፊ አልኳት፦ እናትሽ ሞታለች። የደበቅሁሽ እኔ ነኝ። መስመሩ አልተበላሸም።

እህቴ ጮኸች። ልጅቷ አልጮኸችም። ጻፈች። እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

«አርባዋስ?» አለች። በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ወሎ ሰፈር አወጣነው፤ ማኅበር አለብኝ ያልኩሽ ቀን።

«ያለ እኔ?»

አዎ ብለሽ ጻፊ አልኳት።

ጻፈች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ እስክሪብቶውንም አላስቀመጠችም። «ቀጥል» ትለኛለች። ከዚህ ወዲያ ምን እንደምል አላውቅም።