ጋሼ ሳያነቡ የፈረሙት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018
ፍራንክፈርት

አጎቴ ጋሼ መኮንን ነገሩን የሚያውቁ ይመስለኛል።

እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ወንድሜ ካንሰር የሚለውን ስም ከሰማ በቁሙ ነው የሚሞተው፣ ተራ እባጭ ነው በይው» ብላ ካስማለችኝ ጀምሮ ሐኪም ቤት ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ባላቸው ቁጥር አብሬ እየሄድኩ አስተረጉማለሁ። ዛሬ ሐኪሙ ገና በሙከራ ላይ ስላለ መድኃኒት አስረዳን። መድኃኒቱ በውሃ አልሟሟ ስላለ፣ በዓይን በማይታይ ጄል ይጠቀልሉታል። የታመመው ሕዋስ በጄሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ ይውጠዋል። ይህን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩ። «ክሬብስ» የሚለውን ብቻ፣ ካንሰር ማለት ነውና፣ እንደ ልማዴ ዘለልኩት። ሐኪሙ አራት ጊዜ አለው። አራቱንም ጊዜ ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እዚሁ ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ከጀርመኖች ጋር ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ይህን ቃል እንዴት አያውቁትም? ደግሞ የመብራት ውል እንኳ ሁለቴ ሳላነብላቸው የማይፈርሙት ሰውዬ፣ ዛሬ የሙከራውን የስምምነት ወረቀት፣ ያን ሁሉ ገጽ፣ ዝም ብለው ፈረሙ።

ትራም ውስጥ ድንገት «ሳያውቅ ይውጠዋል አልሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ብልሆች ናቸው» አሉ። እኔም ቀና ብዬ ላያቸው ፈራሁ።

ስንወርድ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ለእናትሽ ግን ተራ እባጭ ነው በያት። እሷ አትችለውም።»

እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?